የእንሰት ጓሮና የልውጥ ሕያዋን አዋጅ

ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ስለ እንሰት መበስበስ በአንድ የቅኝ ግዛት ግብርና መጽሔት ላይ ጻፈ። የበሽታው መንሥኤ በውል የታወቀው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በ1960 ዓ.ም. ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንሰቱን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቁ። ከስድስት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ያው ባክቴሪያ በከፋ አካባቢ በሙዝ ላይ መገኘቱን ጻፉ። ዛሬ የግብርና ባለሙያዎች የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚሉት ይኸው ነው።

ወላይታ ላይ ይህ በሽታ የሚገባው ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ቤት ነው ማለት ይቻላል። እንሰት የሚተከለው ከቤቱ ጀርባና ዙሪያ፣ የከብቱ ፍግ በየቀኑ በሚደርስበት፣ ወላይቶች ዳርኩዋ በሚሉት መሬት ላይ ነው። በቆሎው፣ ጤፉና ስኳር ድንቹ ራቅ ብለው ይዘራሉ፤ እንሰቱ ግን በር ላይ ይቆማል። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ ግን ዝናብ ቢቀርም ቆሞ ይጠብቃል። ቆጮው፣ ቡላው፣ አምቾው ለሰው፣ ቅጠሉ ለከብት፣ ቃጫው ለገመድ ይሆናል። ለጊፋታ በዓል የሚቀርበው ሙጩዋም ከእንሰት ነው። በሽታው ሲይዘው መጀመሪያ አንዱ ቅጠል ይገረጣል፣ ይታጠፋል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያዣል። አንድን የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ፣ በሽታውም በዚያው ቢላዋ ይሻገራል። የታመመ ችግኝ፣ የተበከለ ቅጠል የበላ ከብት፣ ሥሩን የሚቆፍር ጃርትም ያሻግሩታል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ ከዚያም መጠበቅ ብቻ ነው።

የበሽታው መንሥኤ በታወቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1962 ዓ.ም.፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ዋዱ የሚባለው ይህ ድርጅት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ይዞ መጣ፤ መንገድ ጠረገ፣ መሬት ከጠበባቸው ደጋማ ቀበሌዎች ገበሬዎችን ወደ አበላና በሌ ቆላ አሰፈረ። በወላይታ ሽማግሌዎች ዘንድ ዋዱ ዛሬም በስሙ ይነሣል። ሆኖም የዚያ ዘመን የልማት ሐሳብ የተቃኘው በእህል ነበር፤ ድጋፉ የሚለካው በሚሸጥ በቆሎ ስለነበር ጓሮ የቆመው እንሰት ከዕቅዱ ዳር ቀረ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ። የወላይታ ረሃብ የሚጀምረው በቆሎ ሲጠፋ ሳይሆን እንሰቱ ሲሳሳ ነውና። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወላይታን ሲመታ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው አገሩ አረንጓዴ ነበር። ቦሎሶን ያጠኑት ደሳለኝ ራህማቶ እንዳሳዩት መሬቱ ጠቧል፣ ከብቱ ቀንሷል፣ ፍጉ ሳስቷል፣ የመጠባበቂያው እንሰትም ተመናምኗል። በሽታው ከእነዚህ ጋር ተደምሮ ነበር የመጣው።

ዋዱ ሥራ በጀመረበት ዘመን ባሕር ማዶ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች የአንድን ሕያው ዘረመል ቆርጠው በሌላው ውስጥ መትከል ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 አሲሎማር በተባለ የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ተሰብስበው፣ ይህ ሥራ ያለ ጥንቃቄ እንዳይሠራ ራሳቸው በራሳቸው ላይ ገደብ አበጁ። በ1983 የመጀመሪያዎቹ ዘረመላቸው የተለወጠ ተክሎች ተሠሩ። መንግሥታት ሕግ ለማውጣት ሲቀመጡ ግን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አሜሪካ በ1986 ያጸናችው አካሄድ የሚመለከተው የመጨረሻውን ምርት ነው፦ ቲማቲሙ በምንም መንገድ ይሠራ፣ ጉዳት ካለው በነበሩት ሕጎች ይያዛል። አውሮፓ በ1990 ያወጣችው መመሪያ ደግሞ የሚመለከተው የተሠራበትን መንገድ ነው፦ ዘረመሉ በእንዲህ ያለ ዘዴ ከተለወጠ፣ ምርቱ ምንም ይሁን፣ ፈቃድ ይጠየቅለታል። ይህ ልዩነት ሠላሳ ዓመት አልፎ ዛሬ እንሰትንም የሚነካ ጥያቄ ሆኖ ተመልሷል።

ግንቦት 1984 ዓ.ም. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ለፊርማ ሲቀርብ፣ በውስጡ አንዲት አጭር አንቀጽ ነበረች። አገሮች ልውጥ ሕያዋን፣ ማለትም ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያው ነገሮች፣ በድንበር ሲሻገሩ የሚገዙበት ተጨማሪ ፕሮቶኮል ያስፈልግ እንደሆነ ያስቡበት ትላለች። ባለጸጋዎቹ አገሮች ብዙም ክብደት አልሰጧትም። አፍሪካውያኑ ግን ያዟት፤ ከያዟት ሰዎች ፊት የቆሙት ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ።

ተወልደብርሃን የዕፅዋት ሳይንቲስት ነበሩ። ከአድዋ አካባቢ ተነሥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፣ የኢትዮጵያን ዕፅዋት በዝርዝር የመዘገበውን የፍሎራ ፕሮጀክት መሩ፣ አሥመራ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት አስተዳደሩ፤ በኋላም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ስለዚህ ወደ ድርድሩ የገቡት የአገራቸውን ተክል በስሙ የሚያውቁ ሰው ሆነው ነው። ክርክራቸው በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ኢትዮጵያ የጤፍ፣ የእንሰት፣ የቡና፣ የሌሎችም ሰብሎች መገኛ ናት፤ ከዘመዶቻቸው ጋር በዱር የሚኖሩ ሰብሎች ባሉበት አገር ላይ የውጭ ዘረመል ሳይጠየቅ ሲለቀቅ ጉዳቱ ቢመጣ የሚመልሰው የለም፤ ስለዚህ የሚያስገባው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፣ የሚቀበለው አገርም እምቢ የማለት መብት ይኑረው።

የካቲት 1991 ዓ.ም. በኮሎምቢያዋ ካርታኼና ከተማ ፕሮቶኮሉ ይጸድቃል ተብሎ ተጠበቀ። አልጸደቀም። የእህል ላኪ አገሮች ቡድን፣ ማለትም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ፣ ለምግብና ለመኖ የሚጫነው እህል ከስምምነቱ ውጭ ይሁን ብለው ጸኑ። አፍሪካንና አብዛኛውን ታዳጊ አገር ያቀፈው ቡድን፣ ቃል አቀባዩ ተወልደብርሃን ሆነው፣ እህል ከወጣማ ምን ቀረ ብሎ ጸና። ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ። ሰብሳቢው የኮሎምቢያ የአካባቢ ሚኒስትር ኹዋን ማየር ነበሩ። በመስከረም ወር ቪየና ላይ ተደራዳሪዎቹን እንደገና ሲያገናኙ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ለመወሰን የቡድን ተወካዮችን ከከረጢት ባለቀለም ኳስ አስወጡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቡድን በእኩል ደረጃ፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለአፍሪካ ተደራዳሪዎች ግን ትልቅ ነበር። ከዚያ በፊት ትልልቆቹ አገሮች በጓዳ የተስማሙበት ነገር ለሌላው ተነቦ ይሰጥ ነበርና።

ጥር 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ከባድ ብርድ ባለባት ሞንትሪያል፣ የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ጸደቀ። ሁሉም የፈለገውን አላገኘም። ለዘር የሚገባ ልውጥ ሕያው ቅድመ ስምምነት ያስፈልገዋል ተባለ፤ ለምግብና ለመኖ የሚጫነው እህል ግን ቀለል ያለ ሥርዓት ተበጀለት። ለታዳጊዎቹ የተረፈው ዋና ድል የጥንቃቄ መርሕ ነው፦ ሳይንሱ ገና ባያረጋግጥም እንኳ አንድ አገር ጉዳት ይኖራል ብሎ ከሠጋ አላስገባም ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በዚያው በ2000 ተወልደብርሃን አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

መርሑ ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደቡባዊ አፍሪካ በድርቅ ተመትቶ ሳለ ዛምቢያ ልውጥ የሆነውን የእርዳታ በቆሎ አልቀበልም አለች። የፕሬዚዳንት ምዋናዋሳ ውሳኔ ዓለምን አከራከረ። ጎረቤቶቿ እህሉ ተፈጭቶ ይግባ፣ ገበሬ እንዳይዘራው አሉ። እዚህም እዚያም የተራበ ሕዝብ ነበር፤ እኔ የዚያን ውሳኔ ክብደት በቀላሉ የሚፈርድ ሰው አላምንም። ከዚያ ክርክር አንድ ነገር ግን ግልጽ ሆነ፤ የአፍሪካ ገበሬ ለምግብ የተሰጠውን እህል ከፍሎ ይዘራል፣ ሕጉም ይህን ማወቅ አለበት።

ፕሮቶኮሉ በሥራ ላይ የዋለው ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያም በዚያው ሰሞን አጸደቀችው። የራሷን ሕግ ለማውጣት ግን ስድስት ዓመት ወሰደባት። ጳጉሜን 4 ቀን 2001 ዓ.ም. የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ልውጥ ሕያው ማለት ምን እንደሆነ የሚገልጸው ክፍል በጣም ሰፊ ነው። በግርድፉ ሲነገር፣ ከሌላ ሕያው የመጣ፣ ከቅሪተ አካል የተገኘ ወይም በሰው የተሠራ ባዕድ ዘረመል ወይም ሌላ ኬሚካል ገብቶበት ዘረመሉ ወይም የባሕርዩ መገለጫ የተለወጠ ማንኛውም ሕያው ነገር በአዋጁ ይያዛል። በሰው እጅ ተቀናብሮ የተፈጠረም እንዲሁ። አስመጪ አስቀድሞ ያስፈቅዳል፤ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ሕዝብ ይሰማዋል፤ ያጠፋ ይቀጣል። በዓለም ካሉት ጥብቅ ሕጎች አንዱ ነበር፤ የሪዮንና የካርታኼናን ክርክር ያነበበ ሰው ለምን እንደጠበቀ ይገባዋል።

ጥብቅነቱ የወደቀው ግን በውጭ ኩባንያ ላይ ብቻ አልነበረም። የአገሪቱ ተመራማሪዎችም ለላቦራቶሪ ሙከራ ሳይቀር እንደ አስመጪ ነጋዴ ተቆጠሩ። ለዩኒቨርሲቲና ለምርምር ማዕከል የተለየ በር አልነበረም። ስለዚህ በእንሰት በሽታ ላይ የሚሠራ ሰው የቀረው አሮጌው መንገድ ነበር፤ ያም መንገድ ፍሬ አልባ አልሆነም። ከሶዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ አረካ ከተማ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት የአገሪቱ ዋና ማዕከል ነው። ከእንሰት አብቃይ አካባቢዎች የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶች በማሳው ላይ ቆመዋል። ያንቡሌ፣ ገዋዳ፣ እንዳለ፣ ቀሊሳ፣ ዘሪታና መሰና የተባሉ ስድስት ዓይነቶች ተመርጠው ለገበሬ የተለቀቁት ከዚህ ነው። በበሽታውም ላይ ተስፋ ታየ። ማዝያ የተባለው የእንሰት ዓይነት ባክቴሪያው ሲገባበት ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል፤ ብዙ ጊዜም ያገግማል። ይህን ከሳይንቲስቱ በፊት ያየው ገበሬ ነው፣ ስሙን ያወጣለትም እርሱ።

በሽታው ግን ድንበር ተሻግሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ ሙኮኖ አውራጃ ሙዝ ላይ ተገኘ፣ ከዚያም ወደ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ ተዛመተ። ሙዝ ለኡጋንዳ እንሰት ለወላይታ እንደሆነው ነው። በናይሮቢና በካምፓላ የሚሠሩት የዓለም አቀፉ የሐሩር ግብርና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ በሊና ትሪፓቲ መሪነት፣ ከቃሪያ ዘመድ ከሆነው ጣፋጭ በርበሬ ሁለት ዘረመሎች ወስደው ሙዝ ውስጥ ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ካዋንዳ በተባለ የኡጋንዳ የምርምር ማሳ ላይ ሙከራው ተጀመረ፤ በ2014 ውጤቱ ታተመ፤ ብዙዎቹ መስመሮች በሽታውን ተቋቁመው ነበር። ሆኖም ሙዙ ገበሬ ዘንድ አልደረሰም። የኡጋንዳ ፓርላማ በ2017 የደኅንነተ ሕይወት ሕግ ሲያጸድቅ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ተሻሽሎ ሲመጣም እንደገና መለሱት። ሕግ የሌለበት አገር ማለት ነጻ አገር አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሌለ ማንም ምንም አያወጣም። ይህ የኡጋንዳ ልምድ የሚጠቅመን ከዚህ በኩል ነው፦ ጥብቅ ሕግና የጠፋ ሕግ ተመራማሪውን አንድ ቦታ ላይ ያቆሙታል።

ኢትዮጵያ ሌላ መንገድ ያዘች። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 896 የቀድሞውን አዋጅ አሻሻለ። ዋናው ለውጥ የምርምርና የትምህርት ተቋማት በዝግ ስፍራ ለሚሠሩት ሥራ ልዩ ፈቃድ ማግኘት እንዲችሉ መደረጉ ነው። ከማሻሻያው በስተጀርባ የነበረው ግፊት ጥጥ ነው ማለት ስህተት አይሆንም። መንግሥት የጨርቃጨርቅ ፓርኮችን እየገነባ ነበር፣ የሐዋሳው ፓርክም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ፤ ፋብሪካው ክር ይፈልጋል፣ የጥጡን ፍሬ ደግሞ ትል ይበላዋል። ትሉን እንዲቋቋሙ ዘረመላቸው የተለወጠ ሁለት የሕንድ ዲቃላ የቢቲ ጥጦች፣ ጄኬሲኤች 1947 እና ጄኬሲኤች 1050፣ በተከለለ ማሳ ተሞከሩና በ2010 ዓ.ም. ለእርሻ ተፈቀዱ። በዚያው ዓመት ድርቅንና ተባይን እንዲቋቋም የተሠራ በቆሎ በመልካሳ በተከለለ ማሳ እንዲሞከር ፈቃድ ወጣ። በቆሎ አሳሳቢ የነበረው ከዓመት በፊት የአሜሪካ መጤ ተምች በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ከታየ ወዲህ ነው። ትሉ በፍጥነት ተዛምቶ የወላይታን ቆላ በቆሎም በላ።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር፤ በጽሑፍም በስብሰባም ተሰማ። ተወልደብርሃን ማሻሻያውን ሲነቅፉ ኖሩ። ከቡርኪና ፋሶ የተማረ ሰውም አላነሰም፤ ያች አገር ቢቲ ጥጥን እ.ኤ.አ. በ2008 አስገብታ፣ የክሩ ርዝመት አጠረና ገበያ ከፋባት፣ በ2016 አካባቢ ተወችው። እኔ ግን ጥጡን ሲያይ እንሰትን የሚያስብ ሰው ነኝና ይህን እላለሁ፦ የሚሻለው ጥያቄ ጥጡ ጎዳን ወይስ ጠቀመን የሚለው ሳይሆን፣ የጥጡ ፈቃድ ለእንሰት መለኪያ ሆኖ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። አይሠራም። ዲቃላ ጥጥ በየዓመቱ ከሻጭ ይገዛል። መንግሥት ፈቃዱን ቢሰርዝ ሻጩ ይዘጋል፣ ጥጡ በሁለት ክረምት ያልቃል። እንሰት ግን ብዙ ጊዜ ሳይሸጥ ይሰጣል። አንድ ገበሬ የእናት እንሰቱን ግንድ ቆርጦ፣ መካከሉን ቦርቡሮ፣ በፍግ ሸፍኖ ከአንድ ግንድ በአስርት የሚቆጠር ቡቃያ ያበቅላል። ቡቃያው ለአማች፣ ለጎረቤት፣ ለአዲስ ጎጆ ወጪ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ከሄደ ማንም የሚሰበስበው የለም። ሌላም ልዩነት አለ፤ ገበሬው እንሰቱን ብዙ ጊዜ ሳያብብ ስለሚቆርጠው ብናኙ ወደ ዱር እንሰት የመሄድ ዕድሉ ከበቆሎ ያነሰ ነው። ስለዚህ የአዋጁ ሥጋት ከሚፈራበት አቅጣጫ አይመጣም፤ የሚመጣው በሰው እጅ ነው።

ከማሻሻያው በኋላ የሆለታው ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ከናይሮቢ ተመራማሪዎች ጋር በእንሰት ላይ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር የታተሙ ሁለት ሥራዎች፣ አንዱ እንሰት ውስጥ ዘረመል የሚተከልበትን ዘዴ፣ ሌላው በአጠውልግ በሽታ ላይ ይህ ዘዴ የሚሰጠውን ተስፋ ያሳያሉ። ከበርበሬ የመጡት ያው ዘረመሎች ነበሩ። ለላቦራቶሪ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም ቀድሞ ያልታሰበ ሌላ ነገር መጣ። አዋጁ ሲጻፍ ያልነበረ ዘዴ፣ ክሪስፐር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ታወቀ። ዘዴውን ያሳዩት ሁለት ሴቶች፣ ኤማኑኤል ሻርፓንቲየርና ጄኒፈር ዳውድና፣ በ2020 ኖቤል ተሸለሙበት። ዘረመል ከውጭ መጨመር ሳያስፈልግ፣ ተክሉ ውስጥ ያለውን አንድ ዘረመል በተመረጠ ቦታ ቆርጦ ማረም ይቻላል። ያ አሮጌ ክርክር፣ ምርቱን ወይስ መንገዱን እንይ የሚለው፣ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ደንብ ባዕድ ዘረመል ያልቀረበት ተክል እንደ ተራ ዝርያ ይታያል አለች። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2018 (እ.ኤ.አ.) የታረመ ተክል ሁሉ በልውጥ ሕያዋን ሕግ ይያዛል ብሎ ፈረደ። አሜሪካ በ2020 ደንቧን አላላች። ናይጄሪያ በ2020 ማብቂያ በአፍሪካ የመጀመሪያውን የዘረመል አርትዖት መመሪያ አወጣች፣ ኬንያ በ2022 ተከተለች። እንግሊዝም በ2023 ራሷን ከአውሮፓ ለየች።

በኢትዮጵያ ሰብሎች ላይ ጉዳዩ ሩቅ ሆኖ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካው የዳንፎርዝ ማዕከል የሚሠሩት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ጌቱ በየነና ባልደረቦቻቸው የጤፍን ቁመት የሚያስረዝመውን ዘረመል በክሪስፐር ሰብረው፣ አጭርና የማይጋሽብ ጤፍ አሳዩ። መጋሸብ፣ ማለትም ጤፉ ወድቆ መተኛቱ፣ ለጤፍ ገበሬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት በስዊዘርላንድ በርን የሚሠሩት ዘሪሁን ታደለና ባልደረቦቻቸው ዘረመልን በኬሚካል በማናወጥና በመምረጥ ተስፋ የተባለውን የጤፍ ዝርያ በ2009 ዓ.ም. ለገበሬ አድርሰዋል። ሁለቱም ጤፍ አጭር ነው። ፈቃድ መጠየቅ ያለበት የትኛው ነው? አዋጅ 655 ባዕድ ዘረመል ወይም ሌላ ኬሚካል ሲል ምን እንደሚያካትት ማየት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ለእንሰት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ጤፍ በዘር ይራባል፤ ለመቁረጫ የገባው የክሪስፐር መሣሪያ በቀጣዩ ትውልድ ላይ ከእርማቱ ተነጥሎ ሊወጣ ይችላል፤ የቀረው ጤፍ ባዕድ ነገር አይኖረውም ማለት ነው። እንሰትና ሙዝ ግን በቡቃያ ይራባሉ፣ የሚለያያቸው ትውልድ የለም። መሣሪያው አንድ ጊዜ ከገባ፣ ካልተጠነቀቁ፣ በሁሉም ልጆች ውስጥ ይቀራል። ትሪፓቲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 ዲኤምአር6 የተባለውን ዘረመል አርመው አጠውልግን የሚቋቋም ሙዝ አሳይተዋል፤ የእንሰት ተመራማሪ የሚከተለው ዱካ ይኸው ይሆናል። መሣሪያውን ያለ ዘረመል፣ እንደ ፕሮቲን ብቻ የማስገባት ዘዴ አለ፤ ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። ስለዚህ ሁለት የታረሙ እንሰቶች፣ ሁለቱም በሽታውን የሚቋቋሙ፣ በአዋጁ ፊት የተለያየ ስም ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዱ ባዕድ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት።

መጋቢት 2015 ዓ.ም. ተወልደብርሃን አረፉ። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደር ማዕከሉ ሆነች። አዋጁ የፌዴራል ነው፣ የሚሰጠውም ፈቃድ ከአዲስ አበባ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሙ የተመለሰው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ያየዋል። የሚተከልበት ጓሮ ግን ያለው ሶዶ ዙሪያ፣ ዳሞት ጋሌ፣ ቦሎሶ ሶሬ፣ ኦፋ ነው። ክልሉ የአስተዳደር ማዕከሉን እዚያው ስላቆመ አሁን ሰበብ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ተመስገን ማጉሌ ኦላንጎና ባልደረቦቹ በወላይታ ጥናት አድርገው፣ ገበሬዎች በስም ለይተው የሚያውቋቸው 67 የእንሰት ዓይነቶችን መዝግበዋል። አንድ ቤተሰብ በአማካይ ወደ ዘጠኝ ዓይነት ይዞ ይገኛል። ወንድና ሴት ብለው ይከፍሏቸዋል፤ ወንዱ ቶሎ አይደርስም፣ ግን ይጸናል፤ ሴቷ ለምግብ ትጣፍጣለች። የሚፍቁት፣ የሚያቦኩት፣ የትኛው ቡላ እንደሚበዛው የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። አንድ ላቦራቶሪ ከነዚህ አንዱን መርጦ ሲያርምና በሽታን ተቋቋመ ሲል፣ ሌሎቹ 66 ምን ይሆናሉ የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ ወረዳ ያስፈልጋል። በሽታ ያቃጠለው ገበሬ የሚሰጡትን ሁሉ ተክሎ ሌላውን ሊተው ይችላል፤ አሁን ባለው አዋጅ ውስጥ የዓይነቶችን መመናመን የሚለካ መስፈርት አልታየኝም። ለዚህ መልስ የሚሆነው እርማቱን በአንድ ዓይነት ላይ ብቻ ከማድረግ በብዙዎቹ ላይ ማድረግ ነው፤ ማዝያ የመሰለውን ከአረካ ማሳ ማባዛት ደግሞ ምንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ዛሬ ሊሠራ ይችላል።

አዋጁ ሕዝብ እንዲሰማ ይላል። እስካሁን ማስታወቂያውን የሚያነበው ጋዜጣ ያለው ሰው ነው። ስለ እንሰት ሲሆን ማስታወቂያው በወላይትኛ መነበብ፣ በቀበሌ ስብሰባና በሬዲዮ መነገር፣ ሴቶቹ የሚናገሩበት ቀን መለየት አለበት፤ አረካና ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስረዱ ባለሙያዎች አሏቸው። ችግኙ ከሆለታ ዝግ ቤት ወደ ተከለለ ማሳ ሲወጣ፣ ማሳው የት እንደሚሆንና ማን እንደሚጠብቀው፣ ሙከራው ሲያልቅም የተረፈው እንሰት በምን ሁኔታ እንደሚቀበር የሚወሰነው ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ጥያቄዎቹን የሚያቀርብበትም ጊዜ ያ ነው።